ለባለ ጃንጥላዋ ተቃዋሚ

ታዱዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ፤ ያለ አንቺ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ባለሽበት ቦታ ደህና ባትሆኚ ኖሮ እስካሁን ተቃውሞሽን ታሰሚ ነበር፤ እኛም እዚህ ልደታ ድረስ በሰማነው ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያናድዱኝ ሰዎች አልቀነሱም፤ ሰናይት ደግሞ ወጥ ላይ ነጭ ሽንኩርት ታበዛለች። ስቆጣት እማዬ እንዲህ ነበር የምትሠራው ትለኛለች፣ ልጅሽ። ውሸቷን ነው። አንቺ ወጥ ስትሠሪ የምክር ቤት ንግግርሽን ትለማመጂ ስለነበር ነጭ ሽንኩርቱን ከነጭራሹ ትረሺው ነበር።

ሰናይት ወልዳለች። ሴት ናት። አገጯ ያንቺ ነው፤ ጩኸቷም ያንቺ ነው። ስም ለማውጣት ቁጭ ብለን ስንመካከር የባሏ እናት ማስረሻ ትባል አሉ። ከሐዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሴትዮዋም ክፉ አላሰቡም። ግን ደሜ ፈላ። ማንን ነው የምትረሱት፣ ማንስ ፈቀደላችሁ ብዬ ብድግ አልኩ። እሳቸው ደንግጠው ሐሳባቸውን ሳቡ፤ ሕፃኗ ደግሞ ከኔ በላይ ጮኸች። አሁን ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው። እስኪጸድቅ ድረስ ሁላችንም ሚጣ እንላታለን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሚጣ ብቻ ልነግርሽ አይደለም። ተናድጄ ነው። አትሳቂ። የተናደድኩት ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ ነው።

ያን ቀን ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የእድራችን ጸሐፊ የሕይወት ታሪክሽን አነበበ። «ዝምተኛ፣ ቀና ብላ ሰው የማታይ፣ ድምፅዋ ከጎረቤት የማይሰማ» አለ። እንዲህ ያለው ለሟች ሴት ሁሉ እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ወረቀቱን ከሌላ ለቅሶ የገለበጠው ይመስለኛል። ቀጥሎም በመንግሥት ሥራ አገልግላለች ብሎ አለፈው። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ ምን ሥራ፣ አላለም። የቀድሞው ምክር ቤት እንደራሴ ነበረች ማለት ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ያልገባኝ ዝምተኛ ያለው ነው። ቀና ብዬ ሳይ ፋጡማ፣ ያቺ ተክለ ሃይማኖት ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ምስኪን፣ እያለቀሰች ነው አልኩ። ለካ ሳቋን ማፈን አቅቷት ነው። ሳቁ ከእሷ ወደ ጎኗ፣ ከጎኗ ወደ ኋላ ተላለፈና ግማሹ ለቀስተኛ አንገቱን ደፋ። ገና አፈር ሳትለብሺ ሰው አሳቅሽ። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን ነበር የፈለግሁት።

እንግዲህ እርማቱ ይኸውልሽ። የፊታችን የእድር ስብሰባ ላይ አነበዋለሁ፤ ጸሐፊያችንም ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ታደለች ዝምተኛ አልነበረችም። ከልደታ አካባቢ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ስትወዳደር የምርጫ ምልክቷ ጃንጥላ ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አንበሳውንና ነብሩን ተሻምተው ሲወስዱ የተረፈሽ እሱ ነበር። አንቺም አልከፋሽም፤ አንበሳ ለጌጃ ሰፈር ምን ያደርግለታል፣ ጃንጥላ ግን ጣሪያው ለሚያፈስ ሁሉ ይገባዋል እያልሽ በየበሩ ዞርሽበት። አሸነፍሽ። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ አንቺ አጭር፤ ተቀምጠሽ እግርሽ መሬት አይነካም ነበር። እኔ ከላይ ከእንግዶች መቀመጫ ሆኜ ስመለከት የሚታየኝ የሻሽሽ ጫፍ ብቻ ነበር።

የውሃውን ክርክር ታስታውሻለሽ? የከተማው በጀት የቀረበ ቀን ነው። ከሚኒስቴሩ የመጡት ሹም የልደታ ነዋሪ ወንዝ አቅራቢያው ስለሆነ የቧንቧ ውሃ አያስቸኩለውም አሉ። አንቺ ጠዋት ከቤት ስትወጪ ውሃ የሞላ እንስራ ለኩሊ አሸክመሽ ነበር፤ ዘበኞቹ ከበር አላሳለፉትም። ብድግ አልሽና ለምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት እጅ ነሥተሽ፣ እንስራው በር ላይ ተቀምጧል፣ ወንዙ ቅርብ ነው የሚሉ የተከበሩ ሰው ወጥተው አንስተውት እስከ አደባባዩ ድረስ ይሂዱና ይመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ አልሽ። ሹሙ ጥቁር ከረባታቸውን ነካኩ። ፕሬዚዳንቱ ወረቀት ፈለጉ፤ መሳቃቸውን ለመደበቅ ነው።

ድምፅ ሲሰጥ አንቺ ብቻ ተቃወምሽ። እጅሽን አወጣሽ፤ ከፊትሽ የተቀመጠው እንደራሴ ግን ግንብ የሚያህል ሰው ነበርና ቆጣሪው እጅሽን አላየም። የምክር ቤቱ ጸሐፊ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ አነበበ። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሙሉ ላይ አንድ ከተነሣ የቀረው ሙሉ አይባልም፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ይህንኑ ከላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ተናገርኩና ዘበኛው ብብቴን ይዞ አስወጣኝ። ውጭ፣ እንስራሽ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁሽ። ስትወጪ ፊትሽ በርበሬ መስሏል። ከዚያ እኔን አየሽ፣ እንስራውን አየሽ፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ስላባረሩን ሳቅሽ መጣ።

በማግስቱ ጃንጥላ ይዘሽ ሄድሽ። ዘበኛው ወደ ጉባኤ ጃንጥላ ይዞ መግባት አይፈቀድም ቢልሽ፣ መንግሥት ራሱ ያጸደቀው የምርጫ ምልክቴ ነው፣ ምልክቴ ካልገባ እኔም አልገባም ብለሽ አልፈሽው ገባሽ። የሚቃወም አለ ወይ ሲባል ጥቁሩ ጃንጥላ ከግንቡ እንደራሴ ትከሻ በላይ ተዘረጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንቺ ዘመን «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል ሲጻፍ ጸሐፊው አስቀድሞ ወደ አንቺ ይመለከት ነበር። ለነፍሰ ጡር ሠራተኞች ስለሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ፣ ድሃ ልጁን ሲያስመዘግብ ስለሚጠየቀው ክፍያ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጭሰኛው፣ ጃንጥላው ተነሣ። አብዛኛውን ተሸነፍሽ። ሌሊቱን እኔ ስናደድ አንቺ ታንኮራፊ ነበር።

ውሃውን ግን አሸነፍሽ። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ቦኖው ገባ፤ ከቤታችን በላይ ባለችው ጠባብ ሜዳ ላይ ቧንቧው ተተከለ። የተከፈተ ቀን ሹሞቹ ንግግር ሲያበዙ ሄደሽ ከፈትሽውና ፋጡማን እንስራሽን አምጪ አልሻት። ንግግሩን ውሃው አቋረጠው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ አንቺም ጃንጥላሽን ብብትሽ ሥር ሸጉጠሽ በእግርሽ ወደ ቤት መጣሽ። እኔ በረንዳ ላይ እየተንጎራደድኩ ስቆጣ፣ ሥራ ፈታሁ፣ አሁን ወጥ መሥራት እለምዳለሁ አልሽኝ። አለመድሽም። ቀበሌ ተቋቋመና ስብሰባ ተጠራ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ባሰብሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ጎረቤት ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው ተሰማ ነበር፤ አብነት ሰፈር ልብስ የሚሰፋው፣ መጋረጃችንን አጥብቦ የሰፋብን። ሰው ሁሉ ጓድ ተሰማ ማለት እየተለማመደ ነው። አንቺ እጅ አወጣሽ፤ ዕድል ተሰጠሽ፤ ብድግ ብለሽ፣ የዓመታት ልማድ ነውና፣ እጅ ነሥተሽ «ክቡር ፕሬዚዳንት» አልሽ።

እኔ አሁን ወሰዷት አልኩ። ተሰማ ወደ ኋላው ዞረ፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ነው። ማንም እንደሌለ ሲያይ ኮቱን ቆለፈ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠና በቀጭን ድምፅ ይቀጥሉ አለ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣው ካድሬ ፊቱን አጠቆረ። ተሰማ መርፌና ክር ይዞ ዕድሜውን የፈጀ ነው፤ ክቡር ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ አንቺ ጓድ ብትዪውም እሱ ላንቺ እርስዎ ማለቱን አልተወም። ጃንጥላሽ የተቀደደ ጊዜም ቀምቶሽ ወስዶ ጥቁር እራፊ ጥፎበት መለሰልሽ።

ቀበሌውን ምክር ቤት አደረግሽው። ስኳር የሚታደለው በሥራ ቀን ጠዋት ነበር፤ የቀን ሠራተኛው ወረፋ የሚይዝበት ጊዜ የለውም። መጀመሪያ በመርህ እንስማማ፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንግባ፣ ከዚያ ማሻሻያ ያለው ያቅርብ እያልሽ ሰፈሩን ሁሉ አስተማርሽው። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን አልሽ፤ አይሆንም ተባልሽ፤ ጃንጥላው ተነሣ። ከሳምንታት በኋላ ስኳሩ ቅዳሜ ከሰዓት መታደል ጀመረ፤ ከላይ የመጣ መመሪያ ነው ተባለ። የመሠረተ ትምህርቱም እንዲሁ ነበር። ሴቶቹ ከትምህርት የሚቀሩት ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው እንጂ ንቃት ጎድሏቸው አይደለም አልሽ፤ ተቆጡሽ፤ ኋላ ግን ከመማሪያው አጠገብ የሕፃናት መጠበቂያ ክፍል ተከፈተ። እሱም መመሪያ ነበር። እኔ ስምሽ ስላልተነሣ ስቃጠል፣ አንቺ ግን ሕፃናቱ ውስጥ ናቸው አይደል ወይ ትዪኝ ነበር። ቤት ኪራይ ሲቀንስ ደግሞ ደስም ብሎሽ ተቆጥተሽም ነበር። ይህን ነገር ለዓመታት ጮኼበታለሁ፣ ምነው ሳያከራክሩኝ አደረጉት ብለሽ እራት አልበላም ያልሽው ትዝ ይለኛል። በላሽ እንጂ። ሁለተኛም ጨመርሽ።

እኔ በነዚያ ስብሰባዎች ሁሉ ተናግሬ አላውቅም። ስናገር እቆጣለሁ፣ ስቆጣ ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፍለን ነበር፤ አንተ ተቆጣ፣ እኔ ልናገር ትዪኝ ነበር። አሁን ቁጣው አለ፤ ተናጋሪዋ የለችም። ሬዲዮኑ ስለ አዲሱ ሸንጎ እያወራ «በሙሉ ድምፅ» ባለ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጃንጥላሽን ቀና ብዬ አያለሁ። ሰናይት ድምፁን ትቀንሰዋለች። የሬዲዮኑን ሳይሆን የኔን።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ለዚህ ስል ነው እዚህ ድረስ የቸኮልኩት።

ቦኖሽን ሊዘጉት ነበር። ለቀበሌው አዲስ አዳራሽ ቦታ ተፈልጎ፣ የቦኖው ሜዳ ተመረጠ። ቧንቧው ይነቀላል፤ ሴቶቹም ወደ አብነት ወርደው ይቀዳሉ። ፋጡማን ወገቧን እንደሚያማት ታውቂያለሽ፤ የሽቅቡን መንገድም ታውቂዋለሽ። የሰማሁ ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ማን ብድግ ይላል ብዬ ሰፈሩን በሐሳቤ ዞርኩት፤ ሁሉም ቤቱ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ስብሰባ ላይ ግን ጣሪያ ያያል። እኔም ያው ነኝ።

ስብሰባው እሑድ ተጠራ። ተሰማ ብልጥ ነኝ ብሎ፣ የአሁኑ አዳራሽ ጠባብነት ለሁሉም በዓይኑ ይታየው ብሎ፣ ሕዝቡን በክረምት ግቢው ውስጥ ሰበሰበው። ጥቂቶቹ ውስጥ ተቀመጡ፤ እኛ የቀረነው ካፊያ እየወረደብን ቆምን። ማሰቡ ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ረሳ፤ በክረምት ውጭ የሚቆም ሰው ጃንጥላ ይይዛል። የኔን ሰናይት ይዛው ወጥታ ስለነበር እኔ ያንቺን ከግድግዳው አውርጄ ነበር የመጣሁት። አንዱ ሽቦው ተሰብሯል፤ ስትዘረጊው ክንፉ እንደወደቀ የሌሊት ወፍ ይሆናል። እንዳያሳፍረኝ ሳልዘረጋው በካፊያው ቆምኩ።

ካድሬው ስለ አዳራሹ ጥቅም ብዙ ተናገረ። ከዚያ ተሰማ በረንዳው ላይ ወጣና ጃንጥላችሁን እጠፉ፣ እጅ አልታይ አለኝ አለ። ሁሉም አጠፈ። የሚደግፍ ሲል እጆች ወጡ፤ የለመደ እጅ ሳይታዘዝም ይወጣል። የሚቃወም አለ ወይ አለና መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጸሐፊው ዞሮ «በሙሉ» ሲል፣ ከመሀል አንድ ጃንጥላ ፏ ብሎ ተከፈተ።

የፋጡማ ነው። ቀይ አበባ ያለበት። ካድሬው ዝናቡ የከበዳት መስሎት እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ይጠፉት አላት። እሷም ከፍ አድርጋ እንደያዘችው፣

«ለዝናቡ አይደለም ልጄ። መቃወሜ ነው። ታደለች እንዲህ ነበር የምትቃወመው።»

ታዱዬ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ? ከበሩ አጠገብ አንዱ ተከፈተ። ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች መሀል ሌላ። ድጋፍ የሰጡት ሴቶች ሳይቀሩ ከፈቱ። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ የተጣፈ፣ እጀታ የሌለው፤ ግቢው ድንገት ጣሪያ አወጣ። ጃንጥላ ያልነበራቸው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በከዘራቸው ጫፍ አንጠልጥለው አነሡ። እኔም ከፈትኩ፤ ግማሹ ተከፈተ፣ ግማሹ ወደቀ፣ አንገቴ ላይ ውሃ ፈሰሰ፣ አጠገቤ ያሉት ሳቁ። ሳቁ እየሰፋ ሄዶ ግቢውን ሞላው። እንደ ቀብርሽ ቀን ሳቅ የታፈነ አልነበረም።

ተሰማ ከበረንዳው ያየናል። ዓይኑ ከጃንጥላ ጃንጥላ ሲሄድ ያንቺ ላይ ደረሰና ቆመ፤ በእጁ የጣፈውን ጥቁር እራፊ አይቶት ነው። እንደዚያ የመጀመሪያው ቀን ኮቱን ቆለፈ። ወደ ካድሬው አልዞረም። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ወረቀት ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

«በሙሉ ድምፅ የሚለውን ሰርዘው» አለ ተሰማ። «እቆጥራለሁ።»

ቆጠረም። አንድ በአንድ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ በካፊያው ውስጥ። እኔም አብሬው ቆጠርኩ፤ ቁጥራችን አንድ ሆነ። በባርኔጣው ላይ ጥቂት ተከራከርን፣ ተቀበለው።

ረቡዕ ዕለት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከላይ በመጣ መመሪያ መሠረት አዳራሹ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይሠራል፤ ቦኖው ባለበት ይቀጥላል ይላል። የፋጡማ ስም የለም፤ ያንቺም የለም። ልናደድ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ከቦኖው በኩል የባልዲ ኳኳታና የሴቶች ጨዋታ ሰማሁ፤ ወረፋ ላይ ስለ ጃንጥላው እያወሩ ይስቃሉ። ሕፃናቱ ውስጥ ናቸው አይደል ያልሽው ገባኝ። ማስታወቂያው ላይ አራት የፊደል ስህተት ነበረ። አራቱንም በቀይ አርሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጃንጥላሽን ተክለ ሃይማኖት ወስጄ ሽቦውን አስጠግኛለሁ። ጠጋኙ እራፊውን አንስቼ በአዲስ ልቀይረው ቢለኝ አልፈቀድኩም። ሚጣ ሲከፈት ፏ የሚለውን ትወደዋለች፤ ስታለቅስ እከፍትላታለሁ፣ ዝም ትላለች፣ ስዘጋው እንደገና ታለቅሳለች። ይህም ተቃውሞ ነው፤ መዝግበነዋል።

እንግዲህ ቃሌን ልስጥሽና ልጨርስ። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም በፊቴ ታደለች ዝምተኛ ነበረች አይልም። ስብሰባ ላይ አሁንም ቃል ይጠፋኛል፤ ግን አንቺ ለዚያ መላ ትተሽልኝ ሄደሻል። ረጅም ሰው ነኝ፤ እጄን ባወጣ ከየትም ይታያል። ቢሆንም ጃንጥላሽን ይዤ እሄዳለሁ።

ያንቺው፣
ተቆጪው